ነጭ ሆኖ የሚቆይ ፀረ ተሕዋስያን ሳሙና፦ የቀለም ለውጥ ኬሚስትሪና የአምራቹ ኃላፊነት

(ለሕዝብ ክፍት ከሆኑት የፋኩልቲው ንግግሮች በአንዱ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ በመጠኑ የተስተካከለ)



የዛሬው ርእሳችን ሳሙና ነው፤ በተለይም ተሕዋስያንን ያጠፋል ተብሎ የሚሸጠው ደረቅ የእጅና የገላ ሳሙና። ከማምረቻው ሲወጣ እንደ ወተት ነጭ የነበረው ሳሙና ከጥቂት ወራት በኋላ ጠርዙ ይወይባል፤ አንዳንዱ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ሌላው ቡናማ፣ ግራጫ ወይም ሰማያዊ መልክ ይይዛል። ገዢው ይህን ሲያይ «ጊዜው አልፎበታል» ወይም «ተጭበርብሬያለሁ» ይላል። አምራቹ አነስተኛ ከሆነ ደግሞ የወራት ድካሙና ተበድሮ የገዛው ጥሬ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ይቀርበታል።

ነገሩ የመልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ እምብዛም ባላስጨነቀን ነበር። የቀለም ለውጥ ግን በሳሙናው ውስጥ አንድ የኬሚካል ለውጥ መካሄዱን የሚናገር ምስክር ነው። ለውጡ የነካው ቅባቱን ብቻ ከሆነ ጉዳቱ በሽታና በመልክ ይወሰናል። ተሕዋስያንን እንዲገታ የተጨመረውን ንጥረ ነገር የነካ ከሆነ ግን በመጠቅለያው ላይ የተጻፈው ቃል እውነት መሆኑ ቀርቷል ማለት ነው። የዚህም ተቃራኒ አለ፤ ቀለሙን ለመጠበቅ ብለን የምንጨምረው ነገር ያንኑ ንጥረ ነገር አስሮ ሥራ ሊያስፈታው ይችላል። ስለዚህ ነጭ ሆኖ የቆየ ሳሙና ሁሉ የሚሠራ ሳሙና ነው ማለት አይቻልም። ዛሬ ልናገር የምሻው ንጣትንና ፈዋሽነትን አንድ ላይ እንዴት መጠበቅ እንደሚቻል፣ ሁለቱን መጠበቅ ሳይቻል ሲቀርም ለየትኛው ማድላት እንደሚገባ ነው።

ከመሠረቱ እንጀምር። ሳሙና ማለት ቅባት ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲዋሐድ የሚገኝ የፋቲ አሲዶች የሶዲየም ጨው ነው። በብዙ ፋብሪካዎች የተለመደው ቅይጥ 80 እጅ ሞራ ወይም የፓልም ዘይት፣ 20 እጅ ደግሞ የኮኮናት ወይም የፓልም ፍሬ ዘይት ነው። የመጀመሪያው ለሳሙናው ጥንካሬን፣ ሁለተኛው ፈጣን አረፋን ይሰጣል። ተሠርቶ ያለቀው ሳሙና ከመቶ ከ10 እስከ 15 ያህል ውኃ ይይዛል። በውኃ ሲሟሟም ፒኤቹ ብዙውን ጊዜ ከ9.5 እስከ 10.5 ባለው መካከል ነው። እንግዲህ ሳሙና እርጥበት ያለው፣ አልካሊ የሆነና በውስጡ ድርብ ትስስር ያላቸውን ፋቲ አሲዶች የያዘ አካል መሆኑን ልብ በሉልኝ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ችግሮች ሁሉ ከዚህ ጠባዩ የሚመነጩ ናቸው።

የመጀመሪያው የቀለም ለውጥ ምንጭ ቅባቱ ራሱ ነው። ድርብ ትስስር ያለው ፋቲ አሲድ ከአየር ኦክሲጅን ጋር ሲገናኝ ሃይድሮፔሮክሳይድ የሚባል ውሁድ ይፈጥራል። ይህ ውሁድ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም ማለት ይቻላል። ሲፈርስ ግን አልዲሃይዶችንና ሌሎች ቁርጥራጮችን ያወጣል። የገለማ ቅቤ ሽታ ከነዚህ የሚመጣ ነው። ቁርጥራጮቹ እርስ በርሳቸው ሲያያዙም ቢጫና ብርቱካናማ ቀለም ይወለዳል። ፍጥነቱ እንደ ፋቲ አሲዱ ዓይነት ይለያያል። አንድ ድርብ ትስስር ካለው ኦሌይክ አሲድ ይልቅ ሁለት ያለው ሊኖሌይክ አሲድ አሥር እጥፍ ያህል ፈጥኖ ኦክሲጅንን ይቀበላል። በአገራችን የኑግ ዘይት ውስጥ ደግሞ ከፋቲ አሲዱ አብላጫው ሊኖሌይክ ነው። በኑግ ዘይት ብቻ የተሠራ ሳሙና ለስላሳ ሆኖ ቶሎ የሚወይበውና የሚገለማው በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ የኮኮናት ዘይት ድርብ ትስስር ያለው ፋቲ አሲድ ጥቂት ብቻ ስላለበት ለረጅም ጊዜ ይታገሣል።

ይህን ሂደት ከሁሉ በላይ የሚያፋጥኑት ብረትና መዳብ ናቸው። ብረት በሁለት መልክ ይገኛል፤ ኤሌክትሮን ሰጥቶ ወደ አንዱ ይለወጣል፣ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ወደ ሌላው ይመለሳል። በእያንዳንዱ ምልልስ አንድ ሃይድሮፔሮክሳይድ ያፈርሳል፤ አዲስ የኦክሲዴሽን ሰንሰለትም ይጀምራል። ራሱ ግን አያልቅም። ስለዚህ በሚሊዮን ጥቂት እጅ የሚሆን ብረት አንድን ሙሉ የሳሙና ጭነት ለማበላሸት ይበቃል። ብርቱካናማ ነጠብጣብ በሳሙናው ላይ እንደ ሽፍታ ተበታትኖ የሚታየውም ብዙ ጊዜ የብረት ወይም የመዳብ ብናኝ ባረፈበት ቦታ ነው። ብረቱ ከዝገት በርሜል፣ ከጉድጓድ ውኃ፣ ከኮስቲክ ሶዳው፣ ከተበላ ምላጭ፣ አልፎ አልፎም ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ከሚረግፍ አቧራ ይገባል።

ሁለተኛው ምንጭ ሽቶው ነው። የቫኒላን መዓዛ የሚሰጠው ቫኒሊን፣ የቅርንፉድን መዓዛ የሚሰጠው ዩጂኖል፣ በአልካሊ ውስጥ ሲቆዩ ወደ ቡናማነት ያዘነብላሉ። ከዚህም ሌላ አልዲሃይድ ያለበት ሽቶ አሚን ካለበት ሽቶ ጋር ሲገናኝ ሁለቱ ተያይዘው ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ውሁድ ይሠራሉ። አምራቹ ሽቶ ሲገዛ የሚጠይቀው ዋጋውንና መዓዛውን ብቻ ከሆነ፣ ነጭ ሳሙና የማግኘቱን ዕድል ለሻጩ አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው።

ሦስተኛውና ለርእሳችን ዋናው ምንጭ ፀረ ተሕዋስያን ንጥረ ነገሩ ራሱ ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ታሪክ ልጥቀስ። ጆሴፍ ሊስተር እ.ኤ.አ. በ1867 ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ፣ ማለትም በፌኖል፣ ስለ ማከም ጽሑፉን አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1894 ደግሞ ሌቨር ወንድማማቾች ላይፍቦይ የተባለውን የካርቦሊክ ሳሙና ለገበያ አወጡ። ከዚያ ወዲህ ለመቶ ዓመት ያህል ወደ ሳሙና የገቡት አብዛኞቹ ፀረ ተሕዋስያን ንጥረ ነገሮች የፌኖል ዘመዶች ናቸው። ሄክሳክሎሮፊን፣ ትራይክሎሳን፣ ክሎሮክሲሌኖል፣ ቲሞል ሁሉም ፌኖሎች ናቸው።

ፌኖል በሳሙና ውስጥ የሚገጥመው ችግር ከጠባዩ የሚመጣ ነው። በአልካሊ ውስጥ ሃይድሮጅኑን ጥሎ ፌኖሌት ይሆናል፤ ፌኖሌት ደግሞ ኤሌክትሮኑን ለኦክሲጅን ለመስጠት ከፌኖል ይልቅ ፈጣን ነው። ኤሌክትሮኑን ሲሰጥ ወደ ኩዊኖኖች ያመራል፤ እነርሱም ቢጫ፣ ቀይ ወይም ቡናማ ናቸው። የተላጠ ድንች ወይም ሙዝ አየር ሲነካው የሚጠቁረው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ በዚያ ሥራውን የሚያፋጥነው ኢንዛይም መሆኑ ነው። ከዚህም በላይ ብረት ካለ ፌኖሉ ከብረቱ ጋር ተያይዞ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ውሁድ ይሠራል። ተማሪዎቼ በላቦራቶሪ ፌኖልን ለመለየት የምትጠቀሙበት የፌሪክ ክሎራይድ ፈተና ይኸው ነው። ፋብሪካው ሳያውቀው በእያንዳንዱ ሳሙና ውስጥ ይህን ፈተና ያካሂዳል።

ለእኛ ቅርብ የሆነውን ምሳሌ እንውሰድ። በደጋችን የሚበቅለው ጦስኝ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ቲመስ ሺምፐሪ፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ተክል ነው። በዘይቱ ውስጥ ጎልተው የሚገኙት ቲሞልና ካርቫክሮል ሲሆኑ፣ ሁለቱም ባክቴሪያንና ፈንገስን የመግታት ኃይላቸው በሰፊው የተጠና ነው። ወጣት አምራቾች የጦስኝ ሳሙና ለመሥራት መነሣታቸው መልካም ነው። ነገር ግን በአውሮፓ የሽቶ ንግድ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ «ቀይ» እና «ነጭ» የሚባሉ ሁለት የጦስኝ ዘይቶች መኖራቸውን ልብ ይሏል። ቀዩ በብረት ማንጠርያ የወጣና ፌኖሉ ከብረቱ ጋር የተነካካ ነው፤ ነጩ ዳግመኛ ተነጥሮ የጠራ ነው። በብረት በርሜል የተነጠረ የጦስኝ ዘይት ገዝቶ ነጭ ሳሙና መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። ማንጠርያው ከማይዝግ ብረት ወይም ከመስተዋት መሆን አለበት።

አሁን ከፌኖል ወደ ማዕድናት እንሻገር። ብር በሚሊዮን ጥቂት እጅ በሚሆን መጠን ባክቴሪያን ይገታል። ጠላቶቹ ግን ብዙዎች ናቸው። በአልካሊ ውስጥ ቡናማ የብር ኦክሳይድ ይሆናል። በሳሙናው ውስጥ ካለው የገበታ ጨው ጋር የብር ክሎራይድ ይሠራል፤ ይህም ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል፤ የድሮው የፎቶግራፍ ጥበብ የተመሠረተው በዚሁ የብር ጨዎች ጠባይ ላይ ነው። ሽቶው አልዲሃይድ ካለበት ደግሞ ብሩን ወደ ብረታ ብረትነት ይመልሰዋል፤ የቶለንስ የመስተዋት ፈተና ማለት ነው። በእነዚህ ሁሉ መንገዶች ነጩ ሳሙና ግራጫ ይሆናል፤ ግራጫ በሆነ መጠንም ባክቴሪያን የሚገታው የብር አዮን እያነሰ ይሄዳል። መልክና ኃይል አብረው ይወድቃሉ።

ዚንክ ፓይሪቲዮንም ተመሳሳይ ዕጣ አለው። እርሱ ራሱ ነጭ ነው፤ ብረት ሲያገኝ ግን ብረቱ የዚንኩን ቦታ ይወስድና ሳሙናው ወደ ሰማያዊ ግራጫነት ይለወጣል። ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ደግሞ ቀለሙን አይለውጥም፤ ግን ሌላ ችግር አለበት። እርሱ አዎንታዊ ኤሌክትሪክ የያዘ ሲሆን ሳሙና አሉታዊ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ተያይዘው ሁለቱም ሥራ ይፈታሉ። በእውነተኛ ሳሙና ላይ የዚህን ንጥረ ነገር ስም ያነበበ ሰው፣ የኬሚስትሪ ትምህርት ካለው፣ ሊጠይቅ ይገባዋል። ሳሙናው ዓመቱን ሙሉ ነጭ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ የተጨመረው ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የለም እንደማለት ነው።

እንግዲህ ሳሙናውን እንዴት እንሥራው? ሥራው የሚጀምረው ከማቀላቀያው በፊት ነው። ሞራው ትኩስ መሆን አለበት። የገለማ ሞራ በማጥሪያ አፈር ታጥቦ ሊነጣ ይችላል፤ ሆኖም በውስጡ የተጀመረው ኦክሲዴሽን ሁሉ ተወግዷል ማለት አይደለም። ቅባቱን የምንገዛው በመልኩ ሳይሆን በፔሮክሳይድ ልኬቱ ነው። ኮስቲክ ሶዳውና ውኃው ብረት እንዳለባቸው ይመርመሩ። ማብሰያው፣ ቧንቧው፣ ማቀላቀያው ከማይዝግ ብረት ይሁኑ። የመዳብና የናስ ዕቃ ከቤቱ ይውጣ።

ከዚያ የማዕድን ያዢዎች ተራ ይመጣል። እነዚህ በኬሚስትሪ ኪሌተር የምንላቸው ናቸው፤ ስሙ የመጣው የሸርጣንን መቆንጠጫ ከሚያመለክት የግሪክ ቃል ነው። ብረቱን በብዙ ክንድ ከበው ይይዙታል፤ የተያዘ ብረት ከሃይድሮፔሮክሳይዱ ጋር እንደ ልቡ አይገናኝም። የታወቀው ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. መዳብን አጥብቆ ይይዛል፤ ብረትን ግን በሳሙና አልካላይነት ውስጥ የሚይዘው በላላ እጅ ነው። ስለዚህ ብዙ ፋብሪካዎች ኤቲድሮኒክ አሲድ ከሚባለው ጋር ያጣምሩታል።

መጠኑን በስሌት እንየው። በአንድ ኪሎ ሳሙና ውስጥ 5 ሚሊ ግራም ብረት አለ እንበል። ይህን አንድ ለአንድ ለመያዝ የሚበቃው ቴትራሶዲየም ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. 34 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ከመቶ 0.05 ብንጨምር በኪሎ 500 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ከሚያስፈልገው 15 እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ብክነት ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። ከውኃው የሚገባው ካልሲየምና ማግኒዚየም ከብረቱ ጋር ይሻማሉ፤ በብዛትም ይበልጡታል። ያዢው መጨመር ያለበትም ሳሙናው ገና ትኩስና እርጥብ ሳለ፣ ከመድረቁ በፊት ነው። ከደረቀ በኋላ የተነሰነሰ ዱቄት እያንዳንዱን የብረት ብናኝ ሊያገኝ አይችልም።

ቀጥሎ ፀረ ኦክሲዴሽኑ አለ። ቢ.ኤች.ቲ. በትንሽ መጠን፣ ከመቶ 0.05 አካባቢ፣ በቅባቱ ውስጥ አስቀድሞ ሲሟሟ ሰንሰለቱን ይቆርጣል። ይሁንና እርሱም ፌኖል ነው፤ ከመጠን ካለፈ ራሱ ቢጫ ይሰጣል። ብዙ በጨመርን ቁጥር የበለጠ ይጠብቃል የሚለው ሐሳብ እዚህ አይሠራም።

ነፃ አልካሊውን ዝቅ ማድረግ ሌላው ጥበቃ ነው። በደንብ በተሠራ የገላ ሳሙና ውስጥ ያልተዋሐደ ኮስቲክ ሶዳ ከመቶ 0.05 ባይበልጥ ይመረጣል። ፒኤቹን ግን ወደ 7 ማውረድ አይቻልም፤ ሳሙናው ፈርሶ ወደ ፋቲ አሲድነት ይመለሳልና። «ፒኤቹ 7 የሆነ ሳሙና» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ፣ ወይ ዕቃው ሳሙና ሳይሆን ሰው ሠራሽ ማጽጃ ነው፣ ወይ ጽሑፉ ስሕተት ነው።

ፀረ ተሕዋስያኑና ሽቶው የሚገቡት በመጨረሻ፣ ሳሙናው በቀዘቀዘበት የማቀላቀያ ደረጃ ነው። ቲሞል ተናኝ ስለሆነ በትኩስ ሳሙና ላይ ቢፈስ ገዢው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ሠራተኛው በአፍንጫው ይጨርሰዋል። የጦስኝ ሳሙና ላይ ቅርንፉድና ቫኒላ መጨመርም ይቅር። በመጨረሻም መጠቅለያው ብርሃን የማያሳልፍ ይሁን። ሳሙናው ያማረ መሆኑን ለማሳየት በሚያሳይ ፕላስቲክ ጠቅልሎ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት መደርደር፣ የተደከመበትን ሁሉ በገዛ እጅ ማፍረስ ነው።

እስካሁን ያልሁት በፌኖል ለሚሠራ ሳሙና ነው። በብር ወይም በዚንክ ለሚሠራው ግን ጥንቃቄው ይለያል። ማዕድን ያዢው ብረቱን ከብሩ ወይም ከዚንኩ መርጦ የሚይዝ ታማኝ ዘበኛ አይደለም፤ እንደ መጠናቸውና እንደ ጥብቀታቸው ሁሉንም ይይዛል። ብርን ዲ.ቲ.ፒ.ኤ. ከሚባል ያዢ ጋር አስሮ ማስገባት ከመጥቆር ይጠብቀዋል፤ በዚህ ላይ የተመሠረቱ የፈጠራ መብቶች አሉ። ነገር ግን ያዢው በዛ ማለት ነፃው የብር አዮን አነሰ ማለት ነው፤ ባክቴሪያን የሚገታው ደግሞ ነፃው አዮን ነው። በመጀመሪያ «ነጭ ሆኖ የቆየ ሁሉ የሚሠራ አይደለም» ያልሁት ይህን ነው። ሚዛኑ የሚገኘው በፈተና ብቻ ነው።

የፈተናውን አደራረግ በአጭሩ ልግለጽ። አራት ዓይነት ሳሙና ይሠራ፤ አንዱ ምንም ያልተጨመረበት፣ ሁለተኛው ሽቶ ብቻ፣ ሦስተኛው ፀረ ተሕዋስያን ብቻ፣ አራተኛው ሁለቱም ያሉበት። እያንዳንዱ በያዢና ያለ ያዢ ይዘጋጅ፤ ስምንት ይሆናሉ። ከየዓይነቱ ጥቂቱ በጨለማ፣ ጥቂቱ በመስኮት ብርሃን፣ ጥቂቱ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይቀመጥ። በየሳምንቱ በቀለም መለኪያ፣ መሣሪያው ከሌለ በአንድ ዓይነት ብርሃን ሥር ከነጭ ወረቀት አጠገብ ፎቶግራፍ እየተነሣ ይመዝገብ። ያልተጨመረበት ሳሙና ከወየበ ጥፋቱ የቅባቱ ነው። ጨለማ ያለው ደኅና ሆኖ መስኮት ያለው ከተለወጠ ጥፋቱ የብርሃን ነው። በያዢ የዳነ ከሆነ ጥፋቱ የብረት ነበር። ወንጀለኛውን ሳይለዩ መድኃኒት መጨመር ገንዘብን መጣል ነው።

ሆኖም ቀለሙን ብቻ መዝግቦ ማቆም አይበቃም። በዚያው ዕለት የፀረ ተሕዋስያኑ መጠን ይለካ፤ የሳሙናው ኃይልም ይፈተን። ኃይሉን ስንፈትን በአጋር ሳሕን ላይ በሚታየው ጥርት ያለ ክብ አንታለል። ባክቴሪያው በሳሕኑ ላይ ከሳሙናው ጋር የሚያድረው ሌሊቱን ሙሉ ነው፤ ሰው እጁን የሚታጠበው ግን ለጥቂት ሰከንዶች ነው። ኢ.ኤን. 1499 የተባለው የአውሮፓ መመዘኛ በሰው እጅ ላይ የሚከናወንና አዲሱን ምርት ከተራ ሳሙና ጋር የሚያወዳድር በመሆኑ ወደ እውነቱ የቀረበ ነው። ትክክለኛው ጥያቄም «ባክቴሪያ ይገድላል ወይ?» ሳይሆን «ከተራ ሳሙና በምን ያህል ይበልጣል?» የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ በዓለም መድረክ ተጠይቆ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ፣ በፓኪስታን ካራቺ የተካሄደ ጥናት አለ። ለአንዳንድ ቤተሰቦች ተራ ሳሙና፣ ለሌሎች ከመቶ 1.2 ትራይክሎካርባን ያለበት ሳሙና ከእጅ አስተጣጠብ ትምህርት ጋር ተሰጠ። ተራ ሳሙና ባገኙት ቤቶች ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሳንባ ምች ክሥተት በግማሽ ቀነሰ፤ ከ15 ዓመት በታች ባሉት ላይ ተቅማጥ በ53 ከመቶ ቀነሰ። ፀረ ተሕዋስያን ባለበት ሳሙናና በተራው መካከል ግን ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ሕፃናቱን ያዳናቸው እጅ መታጠቡ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ትራይክሎሳንና ትራይክሎካርባንን ጨምሮ 19 ንጥረ ነገሮች ለሸማቾች በሚሸጡ ፀረ ተሕዋስያን መታጠቢያዎች ውስጥ እንዳይገቡ ወሰነ። ምክንያቱ አምራቾች እነዚህ ንጥረ ነገሮች በየዕለቱ ለረጅም ጊዜ ቢሠራባቸው ደኅና መሆናቸውንና ከተራ ሳሙናና ውኃ የበለጠ መጥቀማቸውን ማሳየት ስላልቻሉ ነው። ከዚያም ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1972 በፈረንሳይ ከመቶ 6 በላይ ሄክሳክሎሮፊን በስሕተት የገባበት የሕፃናት ታልክ 36 ሕፃናትን ገድሏል። በቆዳ ላይ የሚቀባ ነገር በቆዳ ላይ ብቻ እንደማይቀር ዓለም የተማረው በከባድ ዋጋ ነው።

ለአገራችን ከሁሉ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው ግን የመድኃኒት መላመድ ጉዳይ ነው። ትራይክሎሳን ባክቴሪያ ፋቲ አሲድ የሚሠራበትን አንድ ኢንዛይም እንደሚያጠቃ እ.ኤ.አ. በ1998 ታውቋል። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የዚሁ ኢንዛይም ዘመድ አለው፤ ኢሶናያዚድ የተባለው መሠረታዊ የነቀርሳ መድኃኒት የሚያጠቃውም ያንኑ ነው። በላቦራቶሪም የነቀርሳ ዘመድ በሆነ ባክቴሪያ ላይ ለአንዱ የተላመደው ዝርያ ለሌላውም ሲላመድ ታይቷል። ነቀርሳ ዛሬም ከባድ ሸክም በሆነበት አገር፣ ሳሙናን ለማሻሻጥ ብቻ እንዲህ ያለውን ንጥረ ነገር በየቤቱ መበተን ተገቢ አይመስለኝም።

ታዲያ ፀረ ተሕዋስያን ሳሙና አይሠራ ማለቴ ነው? አይደለም። የቆዳ ሕመም ላለበት፣ ለእንስሳት ሐኪም፣ ለምግብ አዘጋጅ የሚጠቅምበት ልዩ ሁኔታ ሊኖር ይችላል። የጦስኝ ሳሙናም በመዓዛውና በባህላዊ ዋጋው ገበያ ሊያገኝ ይገባዋል። የምለው፣ በመጠቅለያው ላይ የሚጻፈው ቃል በፈተና የተረጋገጠው ብቻ ይሁን ነው። «99.9 ከመቶ ይገድላል» የሚለው አነጋገር በጆሮ ሲገባ ሙሉ ይመስላል፤ ከአንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ ግን አንድ ሺህ ይቀራሉ ማለት ነው፤ ተራ ሳሙናም በደንብ ከታጠቡበት አብዛኛውን ጠርጎ ይወስዳል።

ከመደምደሜ በፊት ስለ መሸፈን አንድ ቃል ልጨምር። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ሳሙናን ያነጣል፤ የብርሃን ማድመቂያ ቀለሞችም ቢጫውን በሰማያዊ ጨረር ይሸፍኑታል። በልኩ ቢጨመሩ ነውር የለባቸውም። ነገር ግን ሽፋን ኦክሲዴሽኑን አያቆምም፤ እንዲያውም አንዳንድ የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ዓይነት በብርሃን ጊዜ ኦክሲዴሽንን ያግዛል። የገለማ ሞራን በነጭ ቀለም ሸፍኖ ማውጣት ሻጩን ለጥቂት ሳምንታት ይጠቅመዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሽታው ሁሉን ያወጣዋል።

ለአነስተኛ አምራቾች የምሰጠው ምክር እንግዲህ ይህ ነው። ገንዘባችሁ ጥቂት ከሆነ በመጀመሪያ ለንጹሕ ቅባትና ለማይዝግ ዕቃ አውሉት፤ ቀጥሎ ለማዕድን ያዢና ብርሃን ለማያሳልፍ መጠቅለያ። ፀረ ተሕዋስያን መጨመር የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ወጪ አይሁን። ዘይቱ በጠባዩ ቢጫ ከሆነም ቢጫ ብላችሁ ሽጡት፤ ሳሙናው ቢጫ በመሆኑ ማንም አልታመመም። ለተማሪዎቼ ደግሞ፣ የዚህ ሁሉ ምርመራ መሣሪያ አብዛኛው በላቦራቶሪያችን ይገኛል፤ ለመመረቂያ ሥራ ርእስ የምትፈልጉ ሁሉ የጦስኝ ዘይት በሞራ ሳሙና ውስጥ ስድስት ወር ሲቆይ ከቲሞሉ ምን ያህሉ እንደሚቀር መለካት ትችላላችሁ። መልሱ ለብዙ አምራቾች ይጠቅማል።